ምዕራፍ አራት፦ ጫጩቷ የማን ናት?

ከግቢያችን ጀርባ የምትኖር አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ አለች። አንድ ማክሰኞ ማታ ደብተሯን ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። የአካባቢ ሳይንስ የቤት ሥራ ነው። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንዱ በኩል «ከእናቴ የወረስኩት»፣ በሌላው በኩል «ከአባቴ የወረስኩት» ይላል። ከላይ የእናትና የአባት ፎቶ የሚለጠፍባቸው ሁለት ባዶ ሳጥኖች ተሠምረዋል። ልጅቷ የምታድገው አክስቷ ዘንድ ነው። እናቷን አታስታውሳትም፤ የአባቷ ፎቶ ደግሞ እቤት ውስጥ የለም።

«ቲቸር አፍንጫ ጻፉ ብላናለች። የእኔ አፍንጫ የማን ነው?» አለችኝ።

አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበርና ቶሎ ብላ፣ «የእናትሽ ነው፤ ቁርጥ እሷን» አለች። ልጅቷ ዞር ብላ የአክስቷን አፍንጫ ትክ ብላ አየችው። «ያንቺም እንደዚህ ነው እኮ» አለች። ልክ ናት፤ እናቷና አክስቷ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ያ አፍንጫ ከልጅቷ አያት የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ደብተሩ ላይ ግን ለአያት የሚሆን መስመር የለም፤ ለአክስትም የለም።

መምህሯ ክፉ አስባ አይደለም። ይህ የቤት ሥራ በብዙ አገር የሕፃናት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። እኔም ልጅ ሳለሁ ሠርቼዋለሁ፤ «ከአባቴ የወረስኩት» በሚለው ሥር «ራዲዮ» ብዬ ጽፌ ክፍሉን ማሳቄን አልረሳም። የዚያን ማክሰኞ ማታ ግን አንድ ነገር ወሰንኩ። ልጅ ከወላጁ ስለ መመሳሰሉና ስለ መለየቱ የሚሰጠው ትምህርት በልጁ በራሱ ፊት መጀመር የለበትም። ከዶሮ ቤት ይጀምር። ይህን የምለው ልጅቷ ስላሳዘነችኝ ብቻ አይደለም። በልጁ አካል ላይ የተመሠረተው ትምህርት ብዙ ጊዜ ሳይንሱም የተሳሳተ ነው።

ምሳሌው ምላስ ነው። «ምላሳችሁን ግራና ቀኙን አጥፋችሁ እንደ ቱቦ ማድረግ የምትችሉ እጅ አውጡ!» የማይባልበት የባዮሎጂ ክፍል የለም ማለት ይቻላል። ቀጥሎም ልጆቹ እቤት ሄደው የእናትና የአባታቸውን ምላስ እንዲያዩ ይታዘዛሉ። ነገሩን በ1940 (እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጻፈው አልፍሬድ ስተርትቫንት የተባለ እውቅ አሜሪካዊ የዘር ሳይንስ ተመራማሪ ነበር። ምላስን መጠቅለል በቀላል የውርስ ሕግ የሚተላለፍ ነው አለ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ ፊሊፕ ማትሎክ የተባለ ሌላ አጥኚ ከአንድ እንቁላል የተገኙ 33 ጥንድ መንትዮችን ምላስ አየ። እንዲህ ያሉ መንትዮች የወረሱት ነገር አንድ ዓይነት ነው። ሆኖም በ7ቱ ጥንዶች አንዱ ምላሱን ሲጠቀልል ሌላው አልቻለም። እንግዲህ ውርሱ አንድ ሆኖ ምላሱ ከተለያየ፣ ቀላል ነው የተባለው ሕግ ቀላል አይደለም ማለት ነው። ስተርትቫንት ራሱ ስህተቱን ተቀበለ፤ በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነገሩ አሁንም እንደ ተረጋገጠ እውነት በመማሪያ መጻሕፍት መቀመጡ እንደሚያሳፍረው ጻፈ። ይኸው ዛሬም ምላስ እንደወጣ ነው። የጆሮ ጫፍ መለጠፍና አለመለጠፍም እንደዚሁ ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ምን ይጎዳል? በዚያ በተሳሳተው ሕግ መሠረት፣ ምላሳቸውን መጠቅለል ከማይችሉ እናትና አባት መጠቅለል የሚችል ልጅ ሊወለድ አይገባም። እቤቱ ሄዶ የሁለቱንም ምላስ ያየና የራሱ ከሁለቱም የተለየበት የስምንት ዓመት ልጅ በዚያ ሌሊት ምን ያስባል? ልጁ ባይጠይቅ እንኳ ጎረቤት ይጠይቃል።

ወደ ልጆቹ ጭንቅላት እንግባ። ስለ ውርስ ባዶ ሆነው አይመጡም። በ1991 ሱዛን ጌልማንና ሄንሪ ዌልማን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለአራት ዓመት ልጆች አንድ ታሪክ ነገሩ። ጥጃዋ እንደተወለደች አሳማዎች ወደሚኖሩበት ግቢ ተወሰደች፤ ላም ሳታይ ከአሳማ ጋር አደገች። ስታድግ ድምፅዋ እንደ ማን ነው? ጭራዋስ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የተጠቀለለ? አብዛኞቹ ሕፃናት ሳያመነቱ የላምን ድምፅና የላምን ጭራ ሰጧት። ላም ላም ናት፤ ይህን የአራት ዓመት ልጅ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል።

በ1996 ግን ግሬግ ሰሎመን፣ ሱዛን ኬሪና ባልደረቦቻቸው ጠለቅ ያለውን ጥያቄ አመጡ። ከአንዱ ተወልዶ ሌላው ስላሳደገው ልጅ ይተርካሉ፤ አንዱ ወላጅ ንጉሥ፣ ሌላው እረኛ ሊሆን ይችላል። ልጁ ሲያድግ በመልኩ ማንን ይመስላል? በሚያምነው ነገርስ? እዚህ ላይ ትንንሾቹ ተምታታባቸው። የአካልንም የእምነትንም ነገር አንዴ ለወለደው፣ አንዴ ላሳደገው ይሰጣሉ። መልክን ለወላጅ፣ እምነትን ለአሳዳጊ አጥርተው መለየት የጀመሩት ሰባት ዓመት ገደማ የሆናቸው ናቸው። ስለዚህ መምህር ወይም ወላጅ የሚሠራበት ቦታ እዚህ መካከል ነው። «የድመት ልጅ ድመት ናት» ብሎ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው፤ ያውቁታል። የማያውቁት ምን ምኑ አብሮ እንደሚወለድ፣ ምን ምኑ ደግሞ በኋላ እንደሚመጣ ነው።

ለዚህ የሚሆን ማሳያ በእያንዳንዱ የገጠር ቤት፣ በብዙ የከተማ ጓሮም አለ። ዶሮ መታቀፍ ሲያምራት ትታወቃለች፤ ላባዋን ትነፋለች፣ ከጎጆዋ አልነሳም ትላለች፣ እጅ ሲጠጋት ትነክሳለች። የቤቷ እመቤት ይህን ጊዜ ቅርጫት ውስጥ ጭድ ታነጥፍና ታስታቅፋታለች። ዋናው ነገር የምታስታቅፋት እንቁላል የራሷ የዶሮዋ መሆኑ ግዴታ አለመሆኑ ነው። ከጎረቤት መጥቶም ይሆናል። ዶሮዋ አትቆጥርም፣ አትጠይቅም። በ21 ቀን ከዛጎሉ የወጣው ሁሉ ልጇ ነው።

የዚያች ልጅ አክስት ዶሮ አላት፤ ገብስማ፣ ያረጀች፣ ቁጡ የአበሻ ዶሮ። ለልጅቷ የቤት ሥራ መልስ ካጣሁ በኋላ አክስቷን ለመንኳት። አውራ ካለበት ቤት አራት የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል አመጣንና በገብስማዋ ሰባት እንቁላሎች ላይ ጨመርናቸው። ልጅቷ አራቱን በእርሳስ ምልክት አደረገችባቸው። ሃያ አንድ ቀን ለስምንት ዓመት ልጅ ዕድሜ ልክ ነው፤ በየቀኑ «ዛሬ ነው?» ስትል ሰነበተች። ከአራቱ ሦስቱ፣ ከሰባቱ አምስቱ ተፈለፈሉ። የፈረንጆቹ ጫጩቶች ቢጫ ናቸው፤ የአበሾቹ ደግሞ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ፣ ሌሎቹ ጀርባቸው ላይ መስመር ያለባቸው። ስምንቱም አንዲት ዶሮ ተከትለው ግቢውን ዞሩ።

እዚህ ላይ አዋቂ መቸኮል የለበትም። እኔ ቸኩዬ «አየሽ፣ ቢጫዎቹ የወለደቻቸውን ነው የሚመስሉት» ልል አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ። «ቢጫዎቹ ሲያድጉ እንደ እናታቸው ገብስማ ይሆናሉ» አለች። እናታቸው ያለቻት ያቀፈቻቸውን ነው። ዝም አልኩ። ከሦስት ወር በኋላ ቢጫዎቹ ነጭ ላባ አብቅለው ሲጨርሱ፣ ትንበያዋን ማንም ሳያርማት ራሷ አረመችው። ልጅ ገምቶ፣ ጠብቆ፣ ተሳስቶ ያገኘውን ነገር አይረሳውም፤ የነገርነውን ግን ከፈተና በኋላ ይረሳዋል።

የመለየት ነገርም እዚያው ቅርጫት ውስጥ አለ። አምስቱ የአበሻ ጫጩቶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ምናልባት የአንድ አባትም። ግን ሁለቱ እንኳ ቁርጥ አንድ አይደሉም። ልጆች ይህን አይተው ይገረማሉ እንጂ ስለ ሰው ሲነገራቸው አይገርማቸውም፤ ምክንያቱም እቤታቸው ያለ ነገር ነው። ከአንድ እናትና አባት አንዱ ጠይም፣ አንዷ ቀይ ዳማ፣ ሦስተኛው ጥቁር ሆኖ ይወለዳል። ይህ ሁሉ የቀለም ስም በቋንቋችን ውስጥ መኖሩም የሚያየው ዓይን ስላለን ነው። የቆዳ ቀለም በአንድ ነገር አይወሰንም፤ ብዙ ጥቃቅን የውርስ መመሪያዎች፣ ጂን የሚባሉት፣ ተደማምረው ይሠሩታል። አባት ካሉት 46 የክሮሞሶም ክሮች 23ቱን ይሰጣል፤ እናትም 23 ትሰጣለች። ከየጥንዱ የትኛው እንደሚሰጥ በዕጣ የሚወድቅ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ብቻውን ከ8 ሚሊዮን በላይ የተለያየ የ23 ክር ስብስብ ሊያወጣ ይችላል። ሁለት ወላጆች ሲገናኙ ቁጥሩ ምን እንደሚሆን እናንተ አባዙት። ወንድማማቾች መመሳሰላቸው እንጂ መለያየታቸው ሊያስገርመን ባልተገባ ነበር።

ይህን ቁጥር ለሰባት ዓመት ልጅ መንገር አያስፈልግም። በቆሎ ማብላት ይበቃል። በነሐሴ፣ መንገድ ዳር በከሰል ከሚጠበሰው በቆሎ መካከል፣ አንዳንዴ ነጭ ሆኖ ሳለ እዚህም እዚያም ቢጫ ፍሬ የተሰካበት ይገኛል። እንዲህ ያለ ስታገኙ ከመጠበሱ በፊት ግዙት። ልጁ ቢጫዎቹን ይቁጠር። ከዚያ ፀጉሩን አሳዩት። ከበቆሎው ጫፍ የሚወጣው እያንዳንዱ ፀጉር በልባሱ ሥር አልፎ የሚደርሰው አንዲት ፍሬ ዘንድ ብቻ ነው። ከተክሉ አናት ላይ ካለው አበባ የሚበነው ብናኝ በነፋስ ይሄዳል፤ አንዷ ብናኝ አንዱን ፀጉር ትነካለች፤ በዚያ ፀጉር በኩል ገብታ አንዲት ፍሬ ታስገኛለች። ስለዚህ በአንድ በቆሎ ላይ ያሉት ብዙ መቶ ፍሬዎች እያንዳንዳቸው ለብቻ የተፀነሱ ወንድምና እህት ናቸው። እናታቸው አንድ ናት፤ አባቶቻቸው ግን ሊለያዩ ይችላሉ። ነጯ በቆሎ ላይ ቢጫ ፍሬ የመጣው ነፋሱ ቢጫ ከተዘራበት የጎረቤት ማሳ ብናኝ ስላመጣ ነው። ይህን ስነግር ልጆቹ አይስቁም፤ የሚስቁት አዋቂዎቹ ናቸው።

ነጭና ቢጫ ተገናኝተው ለምን ቢጫ ብቻ ይወጣል? ነጩ ለምን አይታይም? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ካጋጠማችሁ ሁለት ሲኒ አምጡ። ጥያቄው ብርኖ በምትባል ከተማ፣ የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ፣ በገዳም ይኖር የነበረውን ግሬጎር ሜንዴልን ከ1856 ጀምሮ ለዓመታት አተር ሲያዳቅል ያኖረው ጥያቄ ነው። ቢጫ ፍሬ ካለውና አረንጓዴ ፍሬ ካለው አተር የተገኙት ልጆች ሁሉም ቢጫ ሆኑ። አረንጓዴው የጠፋ መሰለ። እነዚያን ቢጫዎች በራሳቸው ብናኝ ሲያራባቸው ግን 6,022 ቢጫና 2,001 አረንጓዴ ፍሬ ለቀመ። ወደ ሦስት ለአንድ። አረንጓዴው አልጠፋም፤ ተደብቆ ነበር። ውጤቱን በ1866 አሳተመ፤ ዓለም ትርጉሙን የተረዳው በ1900፣ እሱ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። እኛ ጋ ደግሞ አያቶቻችን ያለ አተር ያውቁት ነበር፤ አባቱንም እናቱንም ያልመሰለውን ልጅ አይተው «አያቱን ወጣ» ይላሉ።

በእያንዳንዱ ሲኒ ውስጥ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ቦሎቄ ይግባ፤ አንዱ ሲኒ አባት፣ ሌላው እናት ነው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ከሁለቱም አንድ አንድ ያወጣል። ቀይ ካለበት «ልጁ» ቀይ ነው፤ ሁለቱም ነጭ ከሆኑ ብቻ ነጭ ነው። ቦሎቄዎቹ ወደ ሲኒያቸው ተመልሰው እንደገና ይወጣል። የጎረቤቴ ልጅና እኔ 16 «ልጆች» አወጣን፤ ሦስቱ ነጭ ሆኑ። በልቤ አራት ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ስለ ቁጥሩ ግድ አልነበራትም። የያዛት ሌላ ነገር ነው። «ሁለቱም ቀይ ሆነው እንዴት ነጭ ወለዱ?» አለች። ሲኒውን ደፋሁላት። ነጯ ቦሎቄ ከቀይዋ ጋር አብራ ነበረች።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ይህ ጨዋታ የተደበቀ ነገር ሊወጣ እንደሚችል ያሳያል እንጂ የሰው መልክ በሁለት ቦሎቄ አይሠራም። ልጁ «የእኔ ፀጉር ቀይ ነው ነጭ ቦሎቄ?» ካለ፣ «የፀጉር ሲኒው ብዙ ቦሎቄ አለበት» በሉት። እውነት ነው፣ ይገባዋልም።

ገጠር ያደገ ልጅ ለዚህ ትምህርት ከከተማው ልጅ ይቀድማል። ጥጃው ዳለቻ ሲወለድ የየትኛው ኮርማ እንደሆነ ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ሰምቷል። በቅሎም ያውቃል፤ አባቷ አህያ፣ እናቷ ፈረስ። አባትሽ ማን ነው ሲሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች የተባለችው በቅሎ ለመምህር ትልቅ ሀብት ናት። ጆሮዋ ወደ አባቷ፣ ቁመቷ ወደ እናቷ ያደላል። እሷ ግን ልጅ የላትም ማለት ይቻላል፤ ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ስላላቸው እሷ የምትይዘው 63 ነው፤ ጎዶሎው ክር ሲከፋፈል ጥንድ ያጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው። የዚያች ልጅ አያት፣ ከገጠር ለክረምት የመጡት፣ አንገታቸው ዙሪያ ንቅሳት አላቸው። «እኔ ሳድግ ይወጣልኛል?» አለች። ሳቅን እንጂ ጥያቄው የትልልቅ ሰዎች ጥያቄ ነበር። ወላጅ በዕድሜው ያገኘው ነገር ለልጁ ይተላለፋል የሚል እምነት ለብዙ ዘመን የሳይንቲስቶችም እምነት ነበር። በ1880ዎቹ አውጉስት ቫይስማን የተባለ ጀርመናዊ የአይጦችን ጭራ እየቆረጠ ለአምስት ትውልድ አራባቸው። 901 ግልገሎች ተወለዱ፤ ጭራ ያልነበረው አንድ እንኳ አልተገኘም። እኛ ለዚህ አይጥ ማሠቃየት አያስፈልገንም። እናቶቻችን ከትውልድ ወደ ትውልድ ጆሯቸውን ተበስተዋል፤ ተበስታ የተወለደች ልጅ ግን የለችም። ልጅቷ ይህን ስነግራት የራሷን ጆሮ ዳሰሰች፤ የተበሳችው አክስቷ ዘንድ ከመጣች በኋላ ነው። በነገራችን ላይ ማርያም የሳመችው የምንለው ምልክትም አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ አይወረስም፤ እናትየዋ አምሯት ያጣችው ምግብም አያመጣውም። ይህን ለአያትየዋ ለማስረዳት አልሞከርኩም።

ስድስተኛው ወር ላይ ከነጮቹ አንዷ እንቁላል ጣለች። ጥላ፣ አስካክታ፣ ጥላው ሄደች። በማግስቱም፣ በሳምንቱም እንዲሁ። ገብስማዋ በዚህ ጊዜ ሁለተኛ መታቀፍ አምሯት ላባዋን ነፍታ ተቀምጣለች። ለእንቁላል ብቻ ተመርጠው የተራቡት ነጭ ዶሮዎች የመታቀፍ ጠባያቸው በእርባታ ብዛት የጠፋ ነው። የነጭዋ አሳዳጊ ግቢው ውስጥ ከማንም በላይ የምታቅፈው ናት፤ ነጭዋ ግን መታቀፍን ከእሷ አልተማረችውም። በሌላ በኩል የልጅቷ አክስት «ኩር፣ ኩር» ብላ ስትጠራ ከሁሉም ቀድማ የምትሮጠው፣ ማታም ገብስማዋ የምታድርበት ቆጥ ላይ የምትወጣው ይህቺው ነጭ ዶሮ ናት። ጥሪውንና ቆጡን ያሳየቻት ያቀፈቻት ናት።

ልጅቷ ደብተሯን አመጣች። የድሮው ገጽ ላይ ፎቶ የሚለጠፍባቸው ሳጥኖች አሁንም ባዶ ናቸው። በሚቀጥለው ገጽ ግን ራሷ ሁለት መስመር አስምራለች። በአንደኛው ራስጌ «ይዛው የወጣችው»፣ በሌላኛው «ያየችው» ብላለች። በአንደኛው ሥር ነጭ ላባ፣ ትልቅ እንቁላል፣ አለመታቀፍ። በሌላኛው ሥር መጠራት፣ ቆጥ፣ ድመት ሲመጣ ገብስማዋ ጀርባ መደበቅ። የመጨረሻውን እኔም አላየሁትም ነበር።

«እንቁላሏን ግን ማን ያቅፍላት?» አለች።

አክስቷ ከማድቤት ሆና፣ «ያቺው ገብስማ ናታ!» አለች። «መች ሌላ ሥራ አላት።»